ልጆቼ 9 ሰዓት ላይ ቤት ይገባሉ

«የ36 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ አንዱ 8፣ አንዷ 5 ዓመቷ ነው። ቀን ቢሮ እሠራለሁ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ የቆዳ ቦርሳ በእጄ እሰፋለሁ። ከጀመርኩ 3 ዓመት ሆነኝ። በወር 4 ወይም 5 ቦርሳ እሠራለሁ፤ ጓደኞቼና የሥራ ባልደረቦቼ ይገዙኛል፤ ሳይሸጥ የቀረብኝ የለም። ባለፈው ወር አንድ ባለሱቅ የያዝኩትን ቦርሳ አይቶ ማን እንደሠራው ጠየቀኝ። በወር 30 ብታመጪልኝ እወስዳለሁ አለኝ። ዋጋው ግን እኔ ከምሸጥበት ግማሹ ነው። አንዱ ቦርሳ 5 ሰዓት ገደማ የሚፈጅብኝ ይመስለኛል። ጓደኞቼ ‹ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሥራሽን ልቀቂ› ይሉኛል። ባለቤቴ ‹አንቺ ካልሽ እሺ› ይላል፤ ፊቱ ላይ ግን ስጋት አያለሁ። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ልልቀቅ ወይስ ልተወው? ልጆቼ 9 ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ይመለሳሉ። ያን ሰዓት ቤት ብገኝ ደስ ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ መጨረሻው ላይ ቀረ። ስለ ባለሱቁ ጻፍሽ። ስለ ግማሽ ዋጋው ጻፍሽ። ጓደኞችሽ የሚሉትን ጻፍሽ። ልጆችሽ 9 ሰዓት ላይ እንደሚመለሱ የነገርሽኝ ግን ደብዳቤውን ልትዘጊ ስትይ ነው። «ደስ ይለኛል» ብለሽ አለፍሽው። እኔ ደግሞ ከላይ ያለው ሁሉ ለዚያች መስመር መግቢያ መስሎ ታየኝ። ስለዚህ ከእሷ ልጀምር።

ልልቀቅ ወይስ ልተወው ብለሻል። ለዚህ ጥያቄ ዛሬ መልስ ልሰጥሽ አልችልም፤ ማንም አይችልም። ቀድሞ መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። ይህ ሥራ ምን ዓይነት ቀን እንዲሰጥሽ ትፈልጊያለሽ? ያው አንድ ቦርሳ በአንድ መንገድ ከተሠራና ከተሸጠ 9 ሰዓት ላይ በር ላይ ያቆምሻል። በሌላ መንገድ ከተሸጠ ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት ከጠረጴዛው አያስነሳሽም። ቆዳው አንድ ነው፣ እጁም አንድ ነው። የሚለየው አንቺ መጀመሪያ የወሰንሽው ነገር ነው።

እባክሽ ወረቀት አውጪና ከዛሬ 3 ዓመት በኋላ የሚመጣ አንድ ተራ ማክሰኞ ጻፊልኝ። ትልቅ ቀን አይሁን። ስንት ሰዓት ትነሻለሽ? ልጆቹን ማን ያደርሳል? የምትሠሪበት ጠረጴዛ የት ነው ያለው? ብቻሽን ነሽ ወይስ ከጎንሽ ሌላ የሚሰፋ ሰው አለ? 9 ሰዓት ላይ እጅሽ ላይ ያለው መርፌ ነው ወይስ የልጅሽ ደብተር? ማታ 3 ሰዓት ላይስ? ገንዘቡንም ጻፊ። በወር ወደ ቤታችሁ ስንት መግባት አለበት? «ብዙ» ወይም «የሚበቃ» አትበይ፤ ቁጥር ይሁን።

ይህን ያህል የምጨቀጭቅሽ ምክንያት አለኝ። አንዳንዱ ሰው ማክሰኞውን ሲጽፍ አምስት ሠራተኛ ያለው ሥራ ቤት ይታየዋል። ጥሩ ሕልም ነው። ግን እዚያ ቤት ውስጥ የሚሰፋው ሌላ ሰው ነው። ባለቤቱ ቆዳ ሲገዛ፣ ደመወዝ ሲያዘጋጅ፣ የተጣመመ ስፌት ሲያስፈታ ይውላል። ይህን ሥራ ከልቡ የሚወድ አለ፤ ለእሱ ትክክል ነው። ሌላው ደግሞ ማክሰኞውን ሲጽፍ መስኮት አጠገብ ብቻውን ተቀምጦ ሲሰፋ ራሱን ያያል። ይህም ጥሩ ሕልም ነው። ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት ንግድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሰው የባለሱቁን 30 ቦርሳ ቢቀበል ያምርበታል። ሁለተኛው ከተቀበለ በሁለት ወር ውስጥ መርፌውን ማየት ያስጠላዋል። አንቺ የትኛዋ እንደሆንሽ እኔ አላውቅም። በደብዳቤሽ ላይ ግን ሠራተኛ ስለመቅጠር አንድ ቃል የለም።

አሁን ወደ ቦርሳው እንሂድ። «5 ሰዓት ገደማ የሚፈጅብኝ ይመስለኛል» ብለሻል። «ይመስለኛል» የምትለው ቃል አሳሰበችኝ። ማታ ማታ በትንሽ በትንሹ የሚሠራ ሰው ሰዓቱን አያውቀውም። አንድ ቀን ትቆርጫለሽ፣ በሌላው ትለጥፊያለሽ፣ በሦስተኛው ትሰፊያለሽ። ስንት ሰዓት እንደሄደ የቆጠረው የለም።

ስፌቱን ብቻ እንውሰድ። በሁለት መርፌና በአንድ ክር እንደምትሰፊ እገምታለሁ፤ የእጅ ስፌት ቦርሳ የሚወደደውም በዚህ ነው። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ክሩ ከሁለቱም ወገን ያልፋል። የማሽን ስፌት አንዱ ክር ከተበጠሰ ቀሪው ሊተረተር ይችላል። ያንቺ ግን ክሩ አንድ ቦታ ቢበጠስ ከሌላው ወገን የሚያልፈው ይይዘዋል። ደንበኛ ገንዘቡን የሚከፍለው ለዚህ ጥንካሬ ነው፤ አንቺ ደግሞ ይህን ጥንካሬ የምትከፍዪው በሰዓት ነው። የአንድ መካከለኛ ቦርሳ ስፌት ተደማምሮ 3 ሜትር ቢሆን፣ በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ያለው ርቀት 4 ሚሊሜትር ቢሆን፣ 750 ቀዳዳ ነው። አንዱን ቀዳዳ ከግራም ከቀኝም አሳልፎ እኩል ለመጎተት 15 ሰከንድ ብንል ከ3 ሰዓት ያልፋል። ይህ ክር ሲያልቅ መቀጠል፣ መርፌ ሲወድቅ መፈለግ፣ ልጅ ሲጠራ መነሳት የሌለበት ነው። ገና መቁረጥ አለ። ጠርዙን ማቅጠን አለ። ማጣበቅና እስኪደርቅ መጠበቅ አለ። በወስፌ መብሳት፣ ዚፕና ዘለበት መግጠም አለ። በመጨረሻ ጠርዙን አሽቶ ማለስለስ አለ፤ እሱ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያለፋ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ተደምሮ 8 ሰዓት ቢሆን አይገርመኝም።

ስለዚህ የመጀመሪያ የቤት ሥራሽ ይህ ነው። ቀጣዮቹን ሦስት ቦርሳዎች በሰዓት ለኪ። ጠረጴዛው ላይ ደብተር አስቀምጪ። ስትቀመጪ ጻፊ፣ ስትነሺ ጻፊ። አሳጥረሽ አትጻፊ፤ የምታታልዪው ራስሽን ነው።

ቀጥሎ ያንቺን ቀን እንለካ። ሥራሽን ለቀቅሽ እንበል። ልጆቹ ጠዋት 2 ሰዓት ሄደው 9 ሰዓት ላይ ቢመለሱ 7 ሰዓት አለሽ። ከዚያ ላይ ለምሳና ለቤት ጉዳይ 2 ሰዓት ቀንሺ። ቤት የሚውል ሰው ላይ ሁሉም ሰው ትንሽ ትንሽ ሥራ ይጨምርበታል፤ «አንቺ እኮ ቤት ነሽ» ይሉሻል፤ ስለዚህ 2 ሰዓት ብዙ አይደለም። 5 ሰዓት ቀረሽ። በወር 22 የሥራ ቀን ብንይዝ 110 ሰዓት ነው።

ይህ 110 ሰዓት ደግሞ ሁሉም የመርፌ ሰዓት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ቆዳ ለመምረጥ መሄድ አለ። ፎቶ ማንሳት አለ። «ሌላ ቀለም አለሽ?» ለሚል መልእክት መመለስ አለ፤ ጠያቂው አይቶ ዝም ይላል፤ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ያንኑ ይጠይቃል። ማሸግ፣ ማድረስ፣ ገቢና ወጪ መመዝገብ አለ። በቀን ከ5ቱ ሰዓት 2ቱን ለዚህ ስጪው። ለመስፋት 3 ሰዓት ቀረ፤ በወር 66 ሰዓት። ለ8 ስታካፍዪው 8 ቦርሳ ይሆናል።

የምትፈልጊው ሕይወት በወር የሚችለው 8 ቦርሳ ነው። ባለሱቁ የጠየቀሽ 30 ነው። አንዱ በ8 ሰዓት ካለቀ 30ው 240 ሰዓት ይፈልጋል፤ በ22 ቀን ሲካፈል በቀን ወደ 11 ሰዓት ነው። ያንቺን ግምት ይዘን 5 ሰዓት ብንለው እንኳ በቀን ወደ 7 ሰዓት መርፌ ላይ ነሽ፤ ምሳም የለም፣ ቆዳ መግዛትም የለም። 9 ሰዓት ላይ ልጆችሽ ይመጣሉ፤ እናታቸው ቤት አለች፤ ግን ቀና ብላ አታያቸውም። እንደዚህ ከሆነ ቢሮው ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ከቢሮ ስትወጪ ሥራው እዚያው ይቀራል።

ገንዘቡስ? ለሒሳብ እንዲቀለን የቦርሳሽን ዋጋ 100 እንበለው። ቆዳው፣ ክሩ፣ ማስቲሹ፣ ዚፑና ዘለበቱ ተደምሮ 30 ይሁን። አንቺ ራስሽ ስትሸጪ 70 ይተርፍሻል። ባለሱቁ በ50 ሲወስድ 20 ይተርፍሻል። ዋጋው በግማሽ ሲወርድ የሚተርፍሽም በግማሽ የሚወርድ ይመስላል። አይደለም። የቆዳው ዋጋ አብሮ አይወርድም፤ ሙሉ ቅናሹ የሚነሳው ካንቺ ድካም ላይ ነው። ከ70 ወደ 20 ነው የወረደው።

አሁን አስተያዪው። 30 ቦርሳ ለባለሱቁ፣ በ20 ትርፍ፣ 600። ለዚያ 240 ሰዓት ትሰፊያለሽ። 8 ቦርሳ ራስሽ ብትሸጪ፣ በ70፣ 560። ለዚያ መሸጡም ማሸጉም ተጨምሮ 110 ሰዓት። ልዩነቱ 40 ነው። ለዚያች 40 ብለሽ 130 ሰዓት ትጨምሪያለሽ። አባቶች «ከእጅ አይሻል ዶማ» የሚሉት እንደዚህ ያለውን ነው። ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ናቸው፤ ያንቺን ስታስገቢ ይለወጣሉ። ያንቺም የመስፊያ ሰዓትና የዕቃ ወጪ ከእኔ ግምት ብዙ ካልራቁ ግን ውጤቱ ብዙ የሚለወጥ አይመስለኝም።

ባለሱቁን እንዳታዝኚበት። ግማሽ ዋጋ ማለቱ ብልጠት አይደለም፤ በጅምላ ለሚገዛ ሱቅ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ሻጭ ይቀጥራል፣ ቦርሳው ሳይሸጥ ቢቀመጥ ኪሳራው የእሱ ነው። አንቺ የምትሰጪውን 2 ሰዓት እሱ ነው የሚሠራልሽ። ችግሩ ያለው የእጅ ስፌት ቦርሳሽ ለጅምላ ታስቦ አለመሠራቱ ላይ ነው። ለጅምላ የሚሆን ዕቃ ከመጀመሪያው ለጅምላ ተብሎ ይታሰባል።

ይህ ደግሞ ደስ ወደሚል ሐሳብ ይወስደኛል። ቦርሳ ስትቆርጪ የሚተርፍ ቁርጥራጭ ቆዳ የት ታደርጊዋለሽ? ብዙ ሰፊዎች ሣጥን ሙሉ ያጠራቅማሉ፤ መጣልም መጠቀምም ይቸግራቸዋል። ከዚያ ቁርጥራጭ የካርድ መያዣ ሥሪ እንበል። ስፌቱ አጭር ነው፣ ዚፕ የለውም፣ ዘለበት የለውም። አሥር አሥሩን አንድ ላይ ቆርጠሽ፣ አንድ ላይ በስተሽ ብትሠሪው አንዱ በ40 ደቂቃ ያልቃል እንበል። ዋጋው 20 ይሁን፤ ዕቃው 3። ባለሱቁ በግማሽ፣ በ10 ቢወስደው 7 ይተርፍሻል። በሰዓት ስታሰዪው ከ10 ያልፋል። ቦርሳውን ራስሽ በሙሉ ዋጋ ስትሸጪ የሚተርፍሽ ለመስፊያ ሰዓት 9 እንኳ አይሞላም። ትንሿ ዕቃ በግማሽ ዋጋ ተሸጣ ከትልቁ በለጠች። በወር 30 የካርድ መያዣ ለባለሱቁ፣ 20 ሰዓት፣ 210። በቀሪው ሰዓት 6 ቦርሳ ለራስሽ ደንበኞች፣ 48 ሰዓት፣ 420። ድምሩ 630 ነው። በ30 ቦርሳ ከምታገኚው ይበልጣል፤ የመስፊያ ሰዓቱም 68 ብቻ ነው፤ ከ66ቱ የሚያልፈው በ2 ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920 በርናርድ ሊች የሚባል እንግሊዛዊ ሸክላ ሠሪ ከጃፓናዊው ሾጂ ሃማዳ ጋር በእንግሊዝ አገር በሴንት አይቭስ የሸክላ ሥራ ቤት ከፈተ። ሥራቸው ከፍ ያለ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን በገንዘብ አስቸጋሪ ነበሩ። በኋላ ሥራ ቤቱ መጠኑና ቅርጹ የተወሰነ፣ ሰው ከዝርዝር መርጦ የሚያዘው የዕለት መጠቀሚያ ዕቃ መሥራት ጀመረ፦ ኩባያ፣ ሳህን፣ ማሰሮ። ቤቱን ያቆመው ያ ቋሚ ሽያጭ ነው። ሊች ደግሞ አንድ ብቻ የሆኑትን ሥራዎቹን መሥራቱን ቀጠለ። ያን ታሪክ ካነበብኩ ጀምሮ ለእጅ ባለሙያ ሁሉ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ኩባያሽ የትኛው ነው? ያንቺ የካርድ መያዣ ሊሆን ይችላል። የቁልፍ መያዣም ሊሆን ይችላል። ሞክሪው።

አሁን ስለ ራሴ ትንሽ ልንገርሽ። ይህን ሁሉ የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም።

እኔ ኪሮሽ እሠራ ነበር። የሕፃን ብርድ ልብስ ነበር ሥራዬ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ የለመድኩት ነው፤ ስሠራ ሐሳቤ ሁሉ ይሰበሰባል። አንድ ዓመት ትዕዛዝ በዛብኝ። ደስ ብሎኝ ሁሉንም ተቀበልኩ። ኪሮሽ ደግሞ እንደ ሹራብ በፋብሪካ ማሽን የሚወጣ ነገር አይደለም፤ ከእጅ ውጭ አይሠራም። ስለዚህ የማፋጠኛ መንገድ የለውም፤ ያለው እንቅልፍ መቀነስ ብቻ ነው። ቀነስኩ። በሦስተኛው ወር ሌሊት እጄ እየደነዘዘ ይቀሰቅሰኝ ጀመር። አውራ ጣቴ፣ ሌባ ጣቴና መካከለኛው ጣቴ የእኔ አልመስል አሉ። ትንሿ ጣት ደህና ነበረች። አራግፈዋለሁ፣ ይሻለኛል፣ ጠዋት እቀጥላለሁ። ሐኪም ጋ ስሄድ በእጄ አንጓ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጨምቋል ተባልኩ። ብርድ ልብሶቹን ማስረከብ የቻልኩት ግማሹን ነው። ቀብድ መለስኩ። ከሁሉ የከፋኝ ግን ይህ አይደለም። እጄ ከዳነ በኋላም ሁለት ዓመት ሙሉ ኪሮሹን መንካት አልቻልኩም። ክሩን ሳይ የሚታየኝ ያልደረሰ ቀጠሮ ነበር።

ይህን የነገርኩሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ወፍራም ቆዳ ላይ ክር መጎተትም እጅን ሊጎዳ ይችላል። 750 ቀዳዳ በ30 ቦርሳ ስታባዢው 22,500 ነው፤ በየወሩ። በየግማሽ ሰዓቱ መርፌውን አስቀምጪ፣ እጅሽን ዘርጊ። ቆዳውን በእጅሽ ይዘሽ ሳይሆን በመያዣ እንጨት አስረሽ ስፊ። ጣቶችሽ ሌሊት መደንዘዝ ከጀመሩ ደግሞ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ እንደኔ ሦስት ወር አትጠብቂ። በዚህ ንግድ ውስጥ ሁለተኛ የማይገዛ ዕቃ እጅሽ ነው።

ሌላም አለ። ላለፉት 3 ዓመታት መስፋቱ የማታ ዕረፍትሽ ነበር። መተዳደሪያሽ ሲሆን ዕረፍትሽ ምን ይሆናል? አንድ ዓይነት ሥራ ከንግዱ ውጭ አስቀሪ። የማይሸጥ፣ ቀን የማይቆረጥለት፣ ለልጆችሽ ወይም ለራስሽ ብቻ የምትሠሪው ይኑርሽ። ይህን ብታደርጊ ምን ያህል እንደሚጠቅምሽ ልነግርሽ አልችልም።

«ሳይሸጥ የቀረብኝ የለም» ያልሽውን ደግሞ ቀስ ብለን እንየው። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ግን የገዙሽ የሚያውቁሽ ሰዎች ናቸው። የሚያውቅሽ ሰው ቦርሳውንም አንቺንም ነው የሚገዛው። ደግሞ የእጅ ስፌት ቦርሳ ዓመታት ይቆያል፤ ጥንካሬው ራሱ ደንበኛውን ቶሎ እንዳይመለስ ያደርገዋል። ባልደረቦችሽ ሁሉ ከያዙ በኋላ ማን ይገዛል? ስለዚህ ሥራሽን ሳትለቂ የሚቀጥሉትን ወራት ለማያውቁሽ ሰዎች ለመሸጥ ተጠቀሚባቸው። አንድ ባዛር ላይ ቁሚ። ፎቶውን ከጓደኞችሽ ክበብ ውጭ አውጪው። ስንት ሰው ጠየቀ፣ ስንቱ ዋጋ ሰምቶ ሄደ፣ ስንቱ ገዛ፤ መዝግቢ። ከማያውቁሽ ሰዎች ሦስት ወር በተከታታይ በወር 6 ቦርሳ ከሸጥሽ መሠረት አለሽ ማለት ነው። 1 ወይም 2 ብቻ ከሆነ አልረፈደም፤ ደመወዝሽ አለ።

ትዕዛዝ ስትቀበዪ ቀብድ ተቀበዪ፤ ቢያንስ የቆዳውን ዋጋ የሚሸፍን። ቀኑንም አንቺ ቁረጪ። «መቼ ይደርሳል?» ሲሉሽ ካሰብሽው ላይ አንድ ሳምንት ጨምረሽ ተናገሪ። ልጅ ይታመማል፣ ቆዳ ይጠፋል። ቀድሞ የደረሰ ቦርሳ ማንንም አያስቀይምም።

ስለ መልቀቁ ግልጽ ልሁንልሽ። ዛሬ አትልቀቂ። ባለሱቁ የሰጠሽ ቃል ነው፤ ቃል ደግሞ ደመወዝ አይሆንም። በሁለተኛው ወር «ገበያው ቀዘቀዘ» ቢልሽ የምትይዢው ነገር የለም። አንድ ገዢ ብቻ ያለው ሰው ሌላ አለቃ አገኘ እንጂ ነፃ አልወጣም፤ ይህኛው አለቃ ደግሞ የሕመም ፈቃድ አይሰጥም። ከመልቀቅሽ በፊት ሦስት ነገር በእጅሽ ይግባ። የ6 ወር የቤት ወጪ ለብቻው የተቀመጠ ገንዘብ። ከማያውቁሽ ሰዎች የመጣ የሦስት ወር ሽያጭ። እና ፈቃድና ግብር በምትኖሪበት ቦታ ምን እንደሚጠይቅሽ የተጣራ መልስ። የቦርሳውን ገንዘብ ከቤቱ ገንዘብ ለይው፤ የተለየ ሒሳብ ክፈቺለት። አሁን ሁለቱ ስለተቀላቀሉ ትርፉን በትክክል የምታውቂው አይመስለኝም።

መሥሪያ ቤትሽ ግማሽ ቀን የመሥራት ዕድል ይሰጥ እንደሆነም ጠይቂ። ሰው መልቀቅና መቆየት መካከል ሲዋልል ሦስተኛውን መንገድ መጠየቅ ይረሳል። እምቢ ቢሉሽ የምታጪው ነገር የለም። እሺ ካሉሽ ግን 9 ሰዓት ዛሬውኑ እጅሽ ገባ፤ ቦርሳውም ያለ ጭንቀት ያድጋል።

ከባለቤትሽ ጋር ደግሞ ቁጭ በይ። «አንቺ ካልሽ እሺ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ጥያቄ አለው፤ ሕልምሽን እንዳያጨልምብሽ ብሎ ነው የሚውጠው። ያን የማክሰኞ ወረቀት አሳዪው። የሰዓቱን ደብተር አሳዪው። «የቤቱ ገቢ ይህን ያህል ጊዜ በዚህን ያህል ይቀንሳል፤ ከዚያ በታች ከወረደ ወደ ሥራ እመለሳለሁ» ብለሽ ቁጥሩን አብራችሁ ጻፉ። ፊቱ ላይ ያየሽው ስጋት መልክ ስላልተሰጠው ይመስለኛል። ቁጥር ሲሆን መነጋገር ይቻላል።

ሁሉንም ለክተሽ፣ ሁሉንም አስበሽ፣ ሥራሽን ይዘሽ በወር 5 ቦርሳ መሥራቱን ብትመርጪስ? በጣም ጥሩ። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ከዚህም በፊት ደርሶኛል፤ ብዙዎቹ ትንሽ ሆኖ መቆየትን እንደ መሸነፍ ያዩታል። እኔ እንደዚያ አላየውም። የቤት ኪራይ የማይጠበቅበት የእጅ ሥራ የሚያምር ነገር መሥራት ይችላል፤ መጥፎ ትዕዛዝ እምቢ ማለት ይችላል። ጓደኞችሽ ስለሚወዱሽ ነው «ልቀቂ» የሚሉሽ፤ ግን ከእነሱ አንዳቸውም 240 ሰዓቱን አልቆጠሩትም።

ባለሱቁን ግን አታባርሪው፤ ሥራሽን ያየ ሰው ነው። ሦስቱን ቦርሳዎች ለክተሽ ስትጨርሺ ሄደሽ እንዲህ በዪው፦ «ቦርሳዬን ስለወደዱት አመሰግናለሁ። በእጅ ስለምሰፋው በወር 30 ማድረስ አልችልም፤ አልዋሽዎትም። በዚያ ዋጋም አያዋጣኝም። ግን ከዚሁ ቆዳ የምሠራው የካርድ መያዣ አለ፤ እሱን በወር 30 በጅምላ ዋጋ ላቀርብልዎ እችላለሁ። ቦርሳውን ደግሞ በወር 2 ብቻ ላስቀምጥልዎ፤ ሲሸጥ ድርሻዎን ይወስዳሉ።» ድርሻው ስንት እንደሆነ፣ ያልተሸጠው መቼ እንደሚመለስልሽ፣ ቢበላሽ ወይም ቢጠፋ ማን እንደሚከፍል በወረቀት ይስፈር። እምቢ ቢልም ቦርሳዎችሽ ያንቺው ናቸው፤ 9 ሰዓትም አልተነካብሽም።

የሦስቱን ቦርሳዎች ሰዓት ላኪልኝ። እኔ 8 ያልኩት በአንቺ እጅ 6 ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል፤ ቁጭ ብለን እንደገና እንሠራዋለን።